ቄሳር የሚለው ስም፤ ትውልዱና ታሪኩ

በወንጌልና በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ቄሳር የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሰው ሁሉ በየከተማው እንዲቈጠር ትእዛዝ ያወጣው ቄሳር ነው፤ ለግብር በሚከፈለው ዲናር ላይ መልኩ የተቀረጸው ቄሳር ነው፤ ጳውሎስም ታስሮ ሳለ ይግባኝ ያለው ወደ ቄሳር ነው። ነገር ግን ከዚያ ትእዛዝ እስከዚህ ይግባኝ ድረስ ያለው ዘመን ከ60 ዓመት ይበልጣል። እንግዲህ መጽሐፉን የሚያነብ ተማሪ «ይህ ቄሳር የሚባለው ንጉሥ ስንት ዓመት ኖረ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የአስተዋይ ልጅ ጥያቄ ነውና ተገቢ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል።

መልሱም ይህ ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ቄሳር የተባለው አንድ ሰው አይደለም። ትእዛዙን ያወጣው አውግስጦስ ነው፤ የዲናሩ ነገር የተነገረው በጢባርዮስ ዘመን ነው፤ በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሰው ረኃብ የሆነው በቀላውዴዎስ ጊዜ ነው፤ ጳውሎስ ይግባኝ ያለበት ደግሞ ኔሮን ነው። አራቱም እያንዳንዳቸው ቄሳር ይባሉ ነበር። ይህ ስም ግን ከጥንት የማዕርግ ስም አልነበረም፤ በሮማ ከተማ የአንድ ቤተ ሰብ መጠሪያ ነበረ። የአንድ ቤት ስም የነገሥታት ሁሉ ስም እስኪሆን ድረስ የሄደበትን መንገድ መምህራንና አዋቂዎች ለልጆች ለማስረዳት እንዲችሉ ታሪኩ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ተጽፏል። በዚህ ትምህርት የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ ሮማውያን ሰውን እንዴት ይሰይሙ ነበር

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ይታወቃል፤ የአባት ስምም በየትውልዱ ይለወጣል። የሮማውያን ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ከታላላቅ ቤቶች የሚወለድ ወንድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስም ነበረው። የመጀመሪያው ወላጆቹ የሚያወጡለት የራሱ ስም ነው። ሁለተኛው ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የወገኑ ስም ነው። ሦስተኛው በአንዱ ወገን ውስጥ ያሉትን ቤቶች እርስ በርሳቸው የሚለይ የቤቱ ስም ነው። ስለዚህ ጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር በሚለው ስም ውስጥ ጋይዮስ የሰውዬው የራሱ ስም ነው፤ ዩልዮስ የወገኑ ስም ነው፤ ቄሳር የቤቱ ስም ነው።

ሦስተኛው ስም ያስፈለገበት ምክንያት የታወቀ ነው። ለወንድ ልጅ ዘወትር የሚወጡት የመጀመሪያ ስሞች ከ20 አይበልጡም ነበርና በአንድ ከተማ ውስጥ ጋይዮስ ወይም ማርቆስ የሚባለው ሰው እጅግ ብዙ ነበረ። ሰውን ከሰው ለመለየት ቅጽል ስም ይወጣ ጀመር፤ ያም ቅጽል ስም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሆነ። ሩፎስ ማለት ቀይ ማለት ነው፤ ጳውሎስ ማለት ትንሽ ማለት ነው፤ ኪኬሮ የተባለው ስመ ጥር ተናጋሪ የቤቱ ስም ሽምብራ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ጠጕሩ ቀይ ስለ ነበረ ሩፎስ የተባለ ሰው ቢኖር፥ ጠጕሩ የጠቈረ የልጅ ልጁም ሩፎስ መባሉ አይቀርም ነበር። እንዲህ ሲሆን የስሙ ምክንያት ይረሳል፤ ስሙ ግን ይኖራል።

ሴቶች ልጆች ደግሞ የወገኑን ስም በሴት አጠራር ይይዙ ነበር። ከዩልዮስ ወገን የተወለደች ሁሉ ዩልያ ትባላለች። ስለዚህ የጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር ሁለት እኅቶች ሁለቱም ዩልያ ይባሉ ነበር፤ ልጁም ዩልያ ነበረች።

ከእነዚህ የሮማውያን ስሞች ብዙዎቹ በቅዱሳት መጻሕፍትና በሰማዕታት ታሪክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ደርሰዋል። ማርቆስና ጳውሎስ የሮማውያን ስሞች ናቸው። ከ1540 እስከ 1559 የነገሡት የዐፄ ገላውዴዎስ ስም ሰማዕቱ ቅዱስ ገላውዴዎስ የተጠራበት ስም ነው፤ ጥንቱም ቀላውዴዎስ ከተባለው የሮማውያን ወገን የመጣ ነው። በክፍሉ ውስጥ እነዚህን ስሞች የያዙ ተማሪዎች ቢኖሩ፥ መምህሩ ትምህርቱን ከእነርሱ ስም ሊጀምር ይችላል።

፪፤ የቃሉ ትርጕም

ከዩልዮስ ወገን ቄሳር በሚለው ስም በታሪክ መጀመሪያ የሚገኘው ሴክስጦስ ዩልዮስ ቄሳር ነው። እርሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ208 ዓመት ፕሬቶር ለሚባለው የዳኝነት ሹመት የበቃ ሰው ነበረ። ይህ ቤት ቄሳር የተባለበትን ምክንያት በተመለከተ ግን ጥንታውያን ጸሐፊዎች አራት ዐይነት ታሪክ ጽፈዋል።

አንደኛው፥ ስሙ መቍረጥ ከሚለው የሮማይስጥ ግሥ የወጣ ነው፤ ከቤቱ አባቶች አንዱ የእናቱ ማሕፀን ተቀዶ የተወለደ ነው ይላል። ሁለተኛው፥ ስሙ ብዙ ጠጕር ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ አያትዬው ሲወለድ ራሱ በጠጕር የተሸፈነ ነበር ይላል። ሦስተኛው፥ ዐይኖቹ ሰማያዊና ግራጫ መልክ ስለ ነበራቸው ነው ይላል። አራተኛው፥ በሰሜን አፍሪካ በሚኖሩ በሙር ሰዎች ቋንቋ ዝሆንን በሚመስል ስም ይጠሩት ነበርና ከቤቱ አባቶች አንዱ በጦርነት ዝሆን ስለ ገደለ በዚያ ተጠራ ይላል።

ከእነዚህ አንዱን እውነት ነው ብሎ የሚያጸና ማስረጃ አልተገኘም። ጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር ራሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 ዓመት ግድም ባስመታው የብር ገንዘብ ላይ ዝሆን ተቀርጾ ከሥሩ ቄሳር የሚል ጽሕፈት አለበት። ስለ ጠጕር የሚነገረው ደግሞ ለእርሱ የሚያሳፍር ሳይሆን አልቀረም፤ ራሱ በራ ስለ ነበረ የድል አድራጊዎችን የዛፍ ቅጠል አክሊል ዘወትር ለመድፋት ሲፈቀድለት እጅግ ደስ እንዳለው ስዌቶንዮስ የተባለው ጸሐፊ ይናገራል።

በዚህ ስፍራ መምህሩ አንድ ስሕተት እንዲያርም ያስፈልጋል። ብዙ ሰዎች የእናቱ ማሕፀን ተቀዶ የተወለደው ጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር ራሱ ነው ይላሉ፤ በቀዶ ሕክምና መውለድም በአውሮፓ ቋንቋዎች በቄሳር ስም መጠራቱ ይህን ወሬ አጽንቶታል። በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያለው ሥራ ይሠራ የነበረው እናቲቱ ከሞተች በኋላ ሕፃኑን ለማዳን ነው። የቄሳር እናት አውሬልያ ደግሞ ልጅዋን አሳድጋ ለወግ ለማዕርግ አብቅታለች፤ የሞተችውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ዓመት፥ ልጅዋ የጎልማሳ ዕድሜ ካገኘና በጦርነት ስሙ ከተሰማ በኋላ ነው። ስለዚህ የተወራው ታሪክ ለእርሱ አይስማማም።

፫፤ ንጉሥ ሳይባል የሞተው ቄሳር

ጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ100 ዓመት በሮማ ተወለደ። በዚያ ጊዜ ሮማ ንጉሥ አልነበራትም። ሮማውያን የመጨረሻውን ንጉሣቸውን በ509 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት እንዳባረሩ በታሪካቸው ይተርኩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ንጉሥ የሚለውን ቃል እጅግ ይጠሉት ነበር። አገሪቱ የምትተዳደረው በየዓመቱ በሚመረጡ ሁለት ሹማምንትና ሴናት በሚባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነበር።

ቄሳር ከ58 ዓመት ጀምሮ ዛሬ ፈረንሳይ የሚባለውን የጎል አገር ወጋ፤ ድል አድርጎም ያዘው። በ49 ዓመት ሴናቱ ጦሩን እንዲበትን ቢያዘው እምቢ ብሎ ሩቢኮን የሚባለውን ትንሽ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሮማ ዘመተ። በእርስ በርስ ጦርነት ጠላቶቹን ሁሉ ካሸነፈ በኋላ በ44 ዓመት መጀመሪያ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ዲክታቶር፥ ማለት ብቻውን አዛዥ፥ ተባለ። ሥልጣኑ ከንጉሥ ሥልጣን የሚያንስ አልነበረም፤ ነገር ግን ስሙ አልተሰጠውም። አንድ ቀን ወደ ከተማ ሲገባ ከሕዝቡ አንዳንዶቹ ንጉሥ ብለው ቢጠሩት፥ የእርሱ ስም ቄሳር እንጂ ንጉሥ እንዳልሆነ መለሰላቸው። ከዚያም በኋላ በበዓል ቀን አንጦንዮስ የተባለው ባለሟሉ የንጉሥ ዘውድ ቢያቀርብለት በሕዝብ ፊት አልቀበልም አለ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ጥርጣሬው አልጠፋም። በ44 ዓመት በመጋቢት ወር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ15ኛው ቀን፥ ከሴናቱ አባሎች የተማማሉት በጉባኤው ስፍራ ከብበው በጩቤ ገደሉት። እነዚህ ሰዎች ንጉሥ የሚሆነውን ሰው የገደሉ መስሏቸው ነበር። በዚያ ቀን በንጉሥ ፈንታ የሚጠራው ስም እንዳልሞተ ግን አላወቁም።

፬፤ ስሙን የወረሰው ማን ነው

ቄሳር በሞተ ጊዜ በሕግ ከተጋባት ሚስት የተወለደ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ኑዛዜው በተነበበ ጊዜ የእኅቱን የዩልያን የልጅ ልጅ፥ ጋይዮስ ኦክታውዮስን፥ ልጁ አድርጎ እንደ ተቀበለውና ስሙን እንዳወረሰው ተገለጠ። ወጣቱ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያን ጊዜም ከባሕር ማዶ አጶሎንያ በምትባል ከተማ ይማር ነበር። እናቱና የእንጀራ አባቱ ይህ ስም ሞት የሚያመጣ ነውና አትቀበለው ብለው መከሩት። እርሱ ግን ምክራቸውን ሳይሰማ ራሱን ጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር ብሎ ጠራ።

ጦር ሠራዊት ሳይኖረው፥ ሹመት ሳይኖረው፥ ዕድሜውም ገና ሳለ፥ የአሮጌው ቄሳር ወታደሮች ስሙን ሰምተው ወደ እርሱ ተሰበሰቡ። ተቀናቃኙ አንጦንዮስ፥ ይህ ልጅ ያለው ነገር ሁሉ በስሙ ያገኘው ነው ብሎ ይዘልፈው ነበር። ዘለፋው ግን እውነትም ነበረበት።

በግብፅ አገር ደግሞ ሌላ ቄሳር ነበረ። ንግሥት ክሌዎጳትራ በጥሊሞስ የሚባል ልጅ ነበራት፤ አባቱም ዩልዮስ ቄሳር ነው ትል ነበር። የእስክንድርያ ሰዎች ቄሳርዮን፥ ማለት ትንሹ ቄሳር፥ ብለው ይጠሩት ነበር። እንግዲህ አንዱ ስሙን በኑዛዜ አገኘው፤ ሌላው በደም ይገባኛል አለ። በ30 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሮማውያን ግብፅን በያዙ ጊዜ፥ የኑዛዜው ወራሽ ገና 17 ዓመት ግድም የሆነውን ቄሳርዮንን አስገደለው። ልጁ የጠፋው በሠራው በደል አይደለም፤ ያን ስም በመያዙ ነው። ስም የሥልጣን ማስረጃ በሆነበት አገር ሁለት ሰው አንድን ስም ይዞ ሊኖር አልቻለም።

በ27 ዓመት ሴናቱ ለአሸናፊው አውግስጦስ፥ ማለት የተከበረ፥ የሚል ስም ጨመረለት። በወንጌል አውግስጦስ ቄሳር የተባለው ይህ ሰው ነው። የዚህ ቤት ስም በዓመቱ ወራት ላይም ቀርቷል፤ ጁላይ የተባለው የአውሮፓውያን ወር በዩልዮስ፥ ኦገስት የተባለው በአውግስጦስ ስም የተሰየመ ነው። ዩልዮስ ቄሳር በ45 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበትን የዘመን አቈጣጠር በሮማ አቆመ። በአውግስጦስም ዘመን በግብፅ አቈጣጠር በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ጳጉሜን እንዲጨመር ተደረገ። የኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉ ከዚሁ ከግብፅ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው።

፭፤ የቤት ስም የሹመት ስም ሆነ

አውግስጦስ በ14 ዓመተ ምሕረት ሲሞት፥ አስቀድሞ ልጁ አድርጎ የተቀበለው የሚስቱ ልጅ ጢባርዮስ ቄሳር ተብሎ ነገሠ። ከእርሱም በኋላ በ37 ዓመት ጋይዮስ ነገሠ። እስከዚህ ድረስ ቄሳር የሚባለው ሰው በልደት ወይም ልጅ ተደርጎ በመቆጠር ከቤቱ የገባ ነበር።

በ41 ዓመት ጋይዮስ ሲገደል ወታደሮች ቀላውዴዎስን አነገሡ። እርሱ የዚያ ቤት ዘመድ ቢሆንም ቄሳር አልነበረም፤ አባቱም ቄሳር አልተባለም፤ ልጁ አድርጎ የተቀበለው ቄሳርም የለም። እርሱ ግን ስሙን ወሰደ። ከዚህ ቀን ጀምሮ ስሙ የቤቱ መሆኑ እየቀረ ሄደ። ቀላውዴዎስ ልጁ አድርጎ የተቀበለው ኔሮን በ68 ዓመት ራሱን ሲገድል የአውግስጦስ ቤት የነገሥታት ሐረግ ተፈጸመ።

ሐረጉ ሲያልቅ ስሙ ሊያልቅ ይገባ ነበር። ነገር ግን ከኔሮን በኋላ የነገሠው ጋልባ ምንም ዝምድና ሳይኖረው ቄሳር ተባለ። በ69 ዓመት የነገሠው ዊቴልዮስ በመጀመሪያ ይህን ስም አልቀበልም ብሎ ነበር፤ መንግሥቱ በእጁ ሊወጣ በተቃረበ ጊዜ ግን ተቀበለው። በዚያው ዓመት እርሱን ያሸነፈው ወስጳስያኖስ የቀራጭ ልጅ ነበረ፤ እርሱም ወዲያው ቄሳር ተባለ። ያለ ስሙ መግዛት እንደማይቻል ሁሉም ዐውቀው ነበር።

ከዚያም በኋላ ቃሉ የራሱን ሥርዓት አገኘ። ሃድርያኖስ በ136 ዓመት ወራሹን ሉክዮስ ኤልዮስን ቄሳር ብሎ ሰየመ። ከዚህ ወዲያ አውግስጦስ ማለት የሚነግሠው፥ ቄሳር ማለት አልጋ ወራሹ እየሆነ ሄደ። ዲዮቅልጥያኖስ በ293 ዓመት የሮማን መንግሥት ለአራት ሲያካፍል፥ ሁለቱን ታላላቆች አውግስጦስ፥ ሁለቱን ታናናሾች ቄሳር አላቸው። ከቄሳሮቹ አንዱ የታላቁ ቈስጠንጢኖስ አባት ቆንስጣንዮስ ነበረ።

፮፤ ስሙ ከሮማ ውጭ

ሮማውያን በዚያ ዘመን የስሙን መጀመሪያ ፊደል እንደ ከ አጥብቀው ያነቡት ነበር፤ ግሪኮችም ካይሳር ብለው ጻፉት። የግዕዝ ተርጓሚዎች ወንጌልን ከግሪክኛ ሲተረጕሙ፥ ማርቆስና ሉቃስ ባሉበት ልማድ የግሪኩን ከ በቀ ለውጠው ቄሳር አሉ። ኢጣልያኖች ቼዛሬ፥ ፈረንሳዮች ሴዛር፥ እንግሊዞች ሲዘር ሲሉ የፊተኛው ድምፅ ላልቶባቸዋል። ስለዚህ ቄሳር የሚለው የኢትዮጵያ አጠራር በመጀመሪያው ድምፅ ከእነዚህ ይልቅ ለጥንቱ የቀረበ ነው። በሄሮድስና በልጁ በፊልጶስ የተሠሩት፥ በመጽሐፍ ቂሣርያ የተባሉት ሁለት ከተሞችም በዚሁ ስም የተጠሩ ናቸው።

ዐረቦች የሮማን ነገሥታት ሁሉ ቀይሰር፥ የፋርስን ነገሥታት ሁሉ ኪስራ፥ የኢትዮጵያን ነገሥታት ሁሉ ነጃሺ ይሉ ነበር። ቀይሰር ከቄሳር፥ ኪስራም ኮስሮ ከተባለ የፋርስ ንጉሥ የተፀውዖ ስም የወጡ ናቸውና በሁለቱ የሰው ስም ማዕርግ ሆኗል። በነጃሺ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ ቃሉ ነጋሢ የሚለው የኢትዮጵያ ማዕርግ ሲሆን በውጭ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው የተፀውዖ ስም አድርገው ወስደውታል።

በጀርመን አገር ስሙ ካይዘር ሆነ። በቡልጋርያ በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስምዖን የተባለው ንጉሥ ጻር ተባለ፤ በመስኮብም፥ ማለት በሩስያ፥ 4ኛው ኢቫን በ1547 ጻር ተብሎ ዘውድ ጫነ። ጻር የሚለው ቃል ከቄሳር ያጠረ ነው፤ በአማርኛ ዛር ከሚባለው ቃል ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የቱርኩ ሱልጣን 2ኛው ሙሐመድ በ1453 ቍስጥንጥንያን ከያዘ በኋላ የሮማ ቄሳር ነኝ አለ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ በ1876 የሕንድ ንግሠ ነገሥት ማዕርግ ስትቀበል፥ በሕንድ ቋንቋ የተሰጣት መጠሪያ ቀይሰረ ሂንድ፥ ማለት የሕንድ ቄሳር፥ ነበር።

የእነዚህም ፍጻሜ ደረሰ። የመጨረሻው የመስኮብ ጻር 2ኛው ኒኮላስ በ1917 ዙፋኑን ለቀቀ፤ የጀርመንና የኦስትርያ ካይዘሮች በ1918 ወረዱ፤ የቡልጋርያው ጻር በ1946 ከአገሩ ወጣ፤ የሕንድ ንግሠ ነገሥትነት ማዕርግም በ1948 ተሻረ። ዩልዮስ ቄሳር ከተገደለ 2000 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይህ ተረት ስለ ሰው መልካም ዝና የተነገረ ነው፤ የቄሳር ስም ግን ከመቃብር በላይ የዋለው በሌላ ምክንያት ነው። ሮማውያን ንጉሥ የሚለውን ቃል ስለ ጠሉ የንጉሥ ሥልጣን በአንድ ቤተ ሰብ ስም ተሸፍኖ ገባ፤ ቃሉን ከልክለው ነገሩን ተቀበሉ። በመጨረሻም የቤተ ሰቡ ስም ከንጉሥ ስም የሚበልጥ ሆነ። እንግዲህ ተማሪው በመጽሐፍ ውስጥ አንድ ታላቅ ማዕርግ ባነበበ ጊዜ፥ ይህን ማዕርግ የያዘው ማን ነው? በየትኛው ዘመን ነበረ? ቃሉስ አስቀድሞ ምን ነበረ? ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ቄሳር የሚለውን ቃል አግኝቶ በዚያ ስፍራ የትኛው ቄሳር እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገር ልጅ፥ ንባብን ከማስተዋል ጋር ተምሯል ማለት ነው።

ጥያቄዎች

፩፤ ጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር በሚለው ውስጥ የራስ ስም፥ የወገን ስምና የቤት ስም የትኞቹ ናቸው?

፪፤ ዩልዮስ ቄሳር የእናቱ ማሕፀን ተቀዶ ተወለደ የሚለው ወሬ ስሕተት መሆኑ በምን ይታወቃል?

፫፤ ወጣቱ ኦክታውዮስና ቄሳርዮን ስሙን የፈለጉት እያንዳንዳቸው በምን ምክንያት ነው?

፬፤ የቀላውዴዎስ ቄሳር መባል ከእርሱ በፊት ከነበሩት የሚለየው በምንድን ነው?

፭፤ በወንጌልና በሐዋርያት ሥራ የሚገኙትን አራት ቄሳሮች በዘመናቸው ተራ ጻፍ።

፮፤ ነጃሺ የሚለው ቃል ታሪክ ቄሳር ከሚለው ቃል ታሪክ የሚገላበጠው እንዴት ነው?